በመታጠፊያው ላይ የቆመች እናት

የእናትና የልጇን መኪና የውድድር ሜዳው ሰዎች ሁሉ «ቁምሳጥን» ይሏታል። ቁመቷ ከወርዷ ይበልጣል፤ ከኋላ ሲያዩዋት ረጅም ሰው እግሮቹን ገጥሞ የቆመ ይመስላል። በሥራ ቀን ስፖንጅና ቆዳ ትጭናለች። እሑድ ሲሆን ግን የኋላ ወንበሮቿ ይወጣሉ፣ ልጅቷ ሄልሜቷን አጥልቃ ትገባለች፣ እናቲቱም መኪናዋ ቤት እስክትገባ ዓይኗን ከእሷ ላይ አታነሳም።

እናትየው የመኪና ወንበር አልባሽ ናት። የታፒሴሪ ቤቷ ጠባብ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ ቆዳቸው የተገፈፈ ወንበሮች ሽቦአቸውን አውጥተው ተደራርበዋል፣ ማስቲሽ ይሸታል፣ ወፍራም ክር የሚበላው የስፌት መኪና ሲመታ ጠረጴዛው ላይ ያለው መቀስ ይዘላል። ወንበር አይታ ባለቤቱን ታውቃለች። «ይሄ ፍሬን ሲይዝ ከነነፍሱ ነው»፣ «ይቺ ከባሏ ጋር ስትጣላ የምትቧጭረው እዚህ ጋ ነው» እያለች ደንበኞቿን ታስቃለች። ከሁሉም ወንበር ግን የባሰ የተቧጨረው የቁምሳጥኗ ጋቢና ነው፤ ልጇ ስትነዳ እሷ የምትቀመጥበት።

ፍርሃቱ የገባባት በዚያው ቤት ነው። አንድ ቀን የተገለበጠ መኪና ወንበር አመጡላት። ስፌቱን ስትተረትር የመስታወት ፍርፋሪ ከክሩ መሃል እንደ ጨው ፈሰሰ። ከስፖንጁ ሥር ደግሞ አንዲት የጆሮ ጉትቻ ወጣች። «ማን ነበር የተቀመጠበት?» ስትል ያመጣውን ሰው ጠየቀችው። ሰውዬው ቆዳው ጥቁር ይሁንልኝ ብሎ ብቻ ወጣ። ጉትቻዋን ይዛ ከኋላው ሮጠች፤ እጁን ኪሱ ከትቶ አልቀበልም አላት። ከዚያ ወዲህ መገልበጥ የሚለውን ቃል አፏ አይደፍረውም። «ያ ነገር» ነው የምትለው።

ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሰውነቷ ቅልል፣ ድምጿ ዝግ ያለ ስለሆነ «ድንቢጥ» ትባላለች። መድኃኒት ስትሰጥ እንኳ በሹክሹክታ «ከምግብ በኋላ ነው እሺ?» የምትል ይህች ልጅ መሪ ስትጨብጥ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ አንድ ሰው ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ያስደንቃል።

ውድድሩ የሚካሄደው በተዘጋ የጨርቅ ፋብሪካ ሰፊ አስፋልት ላይ ነው። የፕላስቲክ ኮኖች ይደረደራሉ፣ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየገቡ በኮኖቹ መካከል ይጠማዘዛሉ፣ የሚሽቀዳደሙትም ከሰዓት ጋር ብቻ ነው። «ማን ይገጨኛል እማ? ከመንገዱ ይልቅ እዚህ ሰላም ነው» ትላለች ድንቢጥ።

«የሚገጭሽ ባይኖርስ? ያ ነገርስ?»

«አታሟርቺብኝ!»

ሾፌር ያመጣ ቤተሰብ ሁሉ በሜዳው ይሠራል። እናትየውም ሩቅ ካለው መታጠፊያ ቆማ የወደቀ ኮን ታነሳለች፣ አደጋ ካየች ቀይ ባንዲራ ታወጣለች። የራስ ቤተሰብ ሲነዳ ግን ባንዲራውን አጠገብ ለቆመ ሰው መስጠት ግድ ነው። ይህ ደንብ የወጣው በእሷ ምክንያት ነው፤ ባለፈው ዓመት ቁምሳጥኗ ትንሽ ዘንበል ብትል ባንዲራውን እያውለበለበች ሜዳው መሃል ገባች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። «ቁምሳጥኑ በሩን ሊከፍት ሲል አስቆመችው!» ተባለ። ድንቢጥ ያን ቀን ከእናቷ ጋር ሳትነጋገር አመሸች።

በዚህ እሑድ አብሯት የሚወዳደረው የመኪና ቀለም ቀቢ ጎማ ይዞ መጣ። የእሱ መኪና አጭርና ሰፊ ናት፤ አዲስ ጎማ ስለገባላት የቀድሞዎቹን ለድንቢጥ አዋሳት። «ንኪው እስቲ» አላት። ጣቷ ጎማው ላይ እንደ ማስቲካ ተለጠፈ። «በዚህ ከታጠፍሽ መሬቱ አይለቅሽም።» ተሰብስበው ቁምሳጥኗን በክሪክ አነሷት፣ ብሎኖቹን ፈቱ፣ አሮጌዎቹን ጎማዎች ወደ ዳር አንከባለሉ። ድንቢጥም ከእናቷ የስፌት ጠመኔ ወስዳ በየጎማው ትከሻ ላይ ወፍራም መስመር አሰመረች። እዚያ ሜዳ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። መኪና ሲታጠፍ ጎማው ይጋደማል፤ ጠመኔው ከታች ከጠፋ ጎማው ከልክ በላይ ተጋድሟል ማለት ነው፣ ንፋስ ይጨመርለታል።

ከመጀመሪያው ዙር ስትመለስ ሰው አጨበጨበ። እንዲህ ፈጥና አታውቅም። ጠመኔው ግን እስከ ታች ተፍቆ ነበር።

«ንፋስ ነው» አለ ቀለም ቀቢው። ሞሉት። በባዶው ሜዳ አንድ ሁለቴ ዞራ መጣች፤ አዲሱ መስመር ሳይነካ ቁጭ ብሏል።

«ይኸው እማ፣ ጠመኔሽ ራሱ ደህና ነሽ አለኝ።»

እናትየው ጎንበስ ብላ አየችው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ራሷ ቆዳ ላይ የምታሰምረው ዓይነት መስመር። ያንን ነጭ መስመር አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተነፈሰች።

ሁለተኛው ዙር ሲጠራ ባንዲራውን አጠገቧ ላሉት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ሰጠች።

«እጅዎ ላይ ይቆይ እንጂ አያስቀምጡት ጋሼ፣ በሞትኩት!»

«ምነው እህቴ፣ እኔም ዓይን አለኝ እኮ።»

ቁምሳጥኗ ከሩቁ ጫፍ ዞራ መጣች። በአሮጌው ጎማ ቢሆን እዚህ ጋ ትጮኻለች፣ ትንሸራተታለች፣ በተንሸራተተች ቁጥርም የሚጥላት ግፊት መሬት ላይ ይፈሳል። አሁን ጩኸት የለም። ያ ዝምታ ነው እናትየውን ያስደነገጣት። ጎማዎቹ አስፋልቱን ነክሰው ያዙ፤ የመኪናዋ እግር ከታች ቀረ፣ ያ ረጅም ሰውነቷ ግን ጉዞውን አላቆመም። ከዚያ ከመታጠፊያው ውስጥ በኩል ባሉት ሁለት ጎማዎች ሥር ብርሃን ገባ። ከማዶ ያለው የፋብሪካ ግድግዳ፣ ጡቡ ሁሉ፣ በጎማዎቹና በአስፋልቱ መካከል ታየ።

እናትየው አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትፈራ የኖረችው ነገር ፊቷ መጥቶ ነበር። መኪናዋ በሁለት እግሯ ቆማ ልትወድቅ ወይስ ልትመለስ እንደሆነ ያልወሰነች ይመስል ነበር። ጣራዋ ላይ ፀሐይ አበራ። የመስታወቱ ፍርፋሪ፣ እንደ ጨው፣ መዳፏ ላይ ያለ መሰላት።

ያኔ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ አሉ። ድንቢጥ መሪውን ወደ ውጭ ፈታችው፤ መታጠፊያውን ትታ በቀጥታ ኮኖቹን እየረመረመች ወጣች። ቁምሳጥኗ በአራት እግሯ ዱብ አለች፣ ሞላዎቹ አቃሰቱ፣ አንድ ኮን ከሆዷ ሥር እየጎተተች ሄዳ ሣሩ ዳር ቆመች።

መምህሩ ባንዲራውን ያነሱት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። «ዓይን አለኝ ብዬ ነበር» አሉ ለራሳቸው።

እናትየው እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። በሩን ስትከፍት ድንቢጥ ቀበቶዋን ለመፍታት ትታገላለች።

«እማ… ጎማው ተነስቶ ነበር አይደል? እስከ የት?»

እናትየው እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «እስከዚህ።»

«በጎን መስኮቱ አስፋልቱን አየሁት። እንዲህ፣ ጉንጬ ሥር።»

ቀለም ቀቢው እያለከለከ ደረሰ፤ ተንበርክኮ ጎማውን አየ። መስመሩ ጫፉ ብቻ ነው የተነካው። «ጠመኔው እኮ ደህና ነው! ወይ ጉድ! ደህና ነው እኮ!»

«ምን ያድርግ ጠመኔው?» አለች እናትየው፣ እንባና ሳቅ ተደባልቀውባት። «የተቀባው ጎማው ላይ ነው። ልጄ ያለችው ፎቁ ላይ ነው። ፎቁን ማን አየላት?»

ንፋስ የሞሉት ጎማው እንዳይጋደም ነበር፤ ጎማው ባለመጋደሙም መሬቱን ይበልጥ ያዘ፣ መሬቱን በያዘ ቁጥርም የተጋደመችው መኪናዋ ሆነች። በሰፊዋ መኪና ላይ በረከት የሆነው ጎማ በጠባቧ ላይ ወጥመድ ነበር። እነሱ ደግሞ ነጩን መስመር ብቻ እያዩ ተደሰቱ።

የመጨረሻው ዙር ቀርቷል። ድንቢጥ ሄልሜቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ንገሪኝ እማ። ልግባ ወይስ ይቅር?»

እናትየው ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ተመኝታዋለች! ይቅር ካለች ይቀራል፤ ምናልባትም ለዘለዓለም። ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ።

«ትፈሪያለሽ?» የሚል ነው የወጣው።

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያስ! አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? ባልፈራማ ኖሮ መሪውን እፈታው ነበር? ሰዓቱን ብዬ አጥፌ…» አልጨረሰችውም።

እናትየው ልጇን አዲስ ሰው እንደምታይ አየቻት። ያቺ ድፍረቷን የምትጠላባት ልጅ፣ ለካ እዚያ ውስጥ ፍርሃቷን አጠገቧ አስቀምጣ ነው የምትነዳው። ይህ አላጽናናትም፤ እንዲያውም ፍርሃቷ ሁለት ሆነ። ግን ይቅር የሚለውን ቃል ዋጠችው።

«በአሮጌው ጎማ ግቢ» አለች። «ያንን የማስቲካ ነገር ፈትተሽ ጣይ። አለዚያ እዚሁ አስፋልቱ ላይ እተኛልሻለሁ!»

«እማ ደግሞ!»

«እተኛለሁ አልኩሽ!»

«ትተኛለች» አለ ቀለም ቀቢው፣ ክሪኩን ፍለጋ እየሮጠ።

ድንቢጥ ባሮጌው ጎማ ገባች። ቁምሳጥኗ ጮኸች፣ ተንሸራተተች፣ ኋላዋ እንደ ሰካራም ወዲህ ወዲያ አለ፤ ሰዓቱ ማንም የማያወራው ሰዓት ሆነ። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ እናትየው የጎማዎቹን ሥር ብቻ አየች። ብርሃን አልገባም። ጥቁሩ ጎማና ጥቁሩ አስፋልት አልተላቀቁም። እሷ ግን መኪናዋ እስክታልፍ የመምህሩን ኮት ጨምድዳ ይዛ «ቀስ፣ ቀስ፣ የኔ እናት ቀስ» እያለች ጮኸች፤ ድምጿ ተመልሶላት ነበር።

መኪናዋ ስታልፍ በጭራዋ ሁለት ኮኖች ጥላ ሄደች። ቀጣዩ ሾፌር ሞተሩን እያስጮኸ ይጠብቃል። እናትየው ሮጣ ገባች፣ አንደኛውን አቆመችው። ሁለተኛውን ስታቆመው ወደቀ። ደግማ አቆመችው። አሁንም ወደቀ። ቁጭ አለች፣ በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛው ቆየች፣ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለቀቀች።