በቃኝ እስኪል

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አጣቢዋ በሰርጓ ዕለት የተሰደበችውን ስድብ ቂም ቋጥራ ስምንት ዓመት ይዛው ኖራለች። የባሏ ወንድም በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ «ወንድሜ ሚስት መስሎት የመጥረጊያ እንጨት አገባ!» ብሎ ጮኾ፣ አዳራሹን በሳቅ አናውጦት ነበር።

እሱ ብረት ሲያነሳ ከርሞ ክንዱ ጭን አክሏል። እሷ ሆስፒታል ውስጥ ብርድ ልብስ ማጠብ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሞላት፤ የእጇ አንጓ ግን ዛሬም ቀጭን ነው።

አንድ ቀን የቤት ቁልፍ ሊያደርስላት ማጠቢያ ክፍሉ ድረስ መጣ። መጭመቂያው ማሽን ተበላሽቶ ሴቶቹ በእጃቸው ሲጨምቁ አየና፣ «እስቲ ወንድ ያግዛችሁ!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

እሷ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ አቀበለችው። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ይጠመዝዛል፤ እጁ የዛለው «በቃኝ» ሲል ሌላው ያቆማል። የክፍሉ ደንብ ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ዙር ፈገግ አለ። በሦስተኛው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በአምስተኛው ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ያ ሁሉ ጡንቻ መስታወት ፊት መወጠር እንጂ የራሰ ብርድ ልብስ አንቆ መያዝ አልለመደም። እሷ ምን አስቸኮላት! ዓይን ዓይኑን እያየች ቀስ ብላ ታጠብቀዋለች። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው።

«በቃኝ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁህም፣ ዋርሳዬ» አለችና አንድ ዙር ጨመረች። «በሰርጌ ቀን እንደጮህከው አድርገህ ጩኸው።»