የዘጠኙ ጥራዞች ተራ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ተራ ጠብቅ» ይሉታል። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንኳ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ቁጥር ሳይሰጠው ከእጁ መንጠቅ አይችሉም። አንድ ጊዜ «ነገ ውኃ ይቋረጣል» የሚል ማስታወቂያ፣ የቀደሙት አሥራ አራት ደብዳቤዎች እስኪመዘገቡ ተራውን ጠብቆ፣ ውኃው ሄዶ ከመጣ በኋላ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

እህቱ ስትሞት ዘንዶዎች የጠፈር መርከብ የሚነዱበትን ዘጠኝ ጥራዝ ልብ ወለድ ትታ ሄደች። ነርስ የሆነችው ልጇ የእናቷን መጻሕፍት ላንብብ ብትለው፣ «እንደ ደረሰ አይነበብም፤ መጀመሪያ ተራቸውን ላውጣ» አላት። ይህን ካለ ስምንት ወሩ ነው።

ጥፋቱ የደራሲው ነው። አምስት መጻሕፍት ወደ ፊት ሲገሰግስ ቆይቶ፣ በስድስተኛው ድንገት ዞሮ ከአንደኛው መቶ ዓመት በፊት የሆነውን ይተርካል። ታዲያ ስድስተኛው ስድስተኛ ነው ወይስ መጀመሪያ? ተራ ጠብቅ መጻሕፍቱን በታተሙበት ዓመት ደርድሮ አንድ ሠንጠረዥ ሠራ፤ በታሪኩ ዘመን ሌላ ሠራ። ሁለቱን እንዲያስታርቅ ሦስተኛ ቢጨምር፣ አስታራቂው ከሁለቱም ጋር ተጣልቶ አረፈው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህቱ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ሌላ ከተማ ተመድባለች፤ ነገ ጠዋት መንገደኛ ናት።

«ጋሼ፣ መጻሕፍቱን ልወስድ ነው።»

«ስለ ተራቸው አርባ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ትንሽ ታገሺ እንጂ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ያንተ እንቁላል ስምንት ወር ሙሉ ተቀምጦ ይሄኔ ገምቷል።»

ቁም ሣጥኑን ከፍታ ስድስተኛውን መዘዘች። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥጉ ታጥፏል።

«ከመሃል? በፍጹም አይገባሽም!»

«እማዬ ሆስፒታል ሆና ያቆመችው እዚህ ላይ ነው። እሷ የገባትን ያህል ከገባኝ ይበቃኛል።»

«ቢያንስ ዘንዶው ለምን እንደታወረ ማወቅ አለብሽ።»

«እሺ፣ ለምን ታወረ?»

ሠንጠረዦቹን ማገላበጥ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ከዘጠኙ ስንቱን አንብበሃል?»

የዘጠኙንም የጀርባ ሽፋን አንብቧል። የታተሙበትን ዓመትና የገጻቸውን ብዛት በቃሉ ይወጣዋል። ውስጣቸውን ግን አልደፈረም። እህቱ እርሳስ ሳትይዝ አታነብም ነበር፤ የትኛውንም ቢከፍት ጽሕፈቷ ኅዳጉ ላይ ይጠብቀዋል። ያንን ከማየት ሠንጠረዥ ማስመር ይቀላል።

«አንድም» አለ።

«ወይ ጉድ! ምስክር ሳትሰማ ነዋ ስትፈርድ የከረምከው!» ብላ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ና፣ ተቀመጥ።»

የታጠፈ ወረቀት ሲያይ ማቃናት ልማዱ ነው። እጁ ወደ ገጹ ጥግ ሄደና ተመለሰ።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። በረዶ በሸፈነው ፕላኔት ላይ አንዲት ሴት የብረት በር ታንኳኳለች።

«ማናት እሷ?»

«እንጃ።»

«ማንን ፈልጋ ነው?»

«እንጃ አልኩህ እኮ፣ ጋሼ! ከመሃል ነው የጀመርነው።»

ወንበሩን አስጠጋ። «ይሁን፣ ይሁን፤ ዝም ብለሽ አንብቢ። ከፈቱላት?»