የፀጉር አስተካካዩ ሦስት ኑዛዜዎች

ሰፈሩ ያንን ፀጉር አስተካካይ «ልክ ነዎት» ብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ይበል ምን፣ እሱ መቀሱን ለአፍታ ገታ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ እያየው «ልክ ነዎት» ይለዋል። አንገቱን ለምላጭ የሰጠ ሰው ክርክር አይወድም፤ ይህን ከሙያው ጋር አብሮ ነው የተማረው። በዚህ ጠባዩ ከማንም ሳይጣላ አረጀ። ደንበኞቹም እሱን የመሰለ አስተዋይ የለም ይላሉ፤ ምን ያድርጉ፣ የሚሰሙት የራሳቸውን ሐሳብ ነው።

ደንበኞቹም አብረውት አርጅተው ኖሮ፣ የፀጉር ቤቱ ወሬ ከኳስ ወደ ደም ግፊት፣ ከደም ግፊት ወደ መጨረሻዋ ቀን ዞረ። ጡረተኛው መምህር አንድ ቀን «ሆስፒታል እንዳትወስዱኝ ብያለሁ። ሰው በገዛ አልጋው ነው መሞት ያለበት፤ አንተስ?» አሉት።

«ልክ ነዎት፤ እኔም ከቤቴ አልወጣም» አለ።

በሳምንቱ ተቋራጩ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ «መተንፈሻ ማሽን እያለ ምን በወጣኝ እሞታለሁ? እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ መታገል ነው» ሲለው፣ «ልክ ነዎት፤ እኔንም ከማሽኑ የሚነቅለኝ እንዳይኖር» አለ። ልብስ ሰፊው ደግሞ እሱ ሲሞት ማንም እንዳያለቅስ አጥብቆ ሲናገር፣ «ልክ ነዎት፤ እኔም ለቅሶ አልፈልግም» አለው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሰዉን ራስ መመለጥ ቀድሞ የሚያየው እሱ፣ የገዛ አፉን ግን አላየውም።

አብራው የምትኖረው ሴት ልጁ ብቻ ምንም አልሰማችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ሁለቴ «አባዬ፣ ድንገት ብትታመም ምን ላድርግልህ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ብትለው፣ «ሂጂ ወዲያ፣ ሟርተኛ» ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። እሷ ቅር ቢላት ሌላ ፀጉር ቤት አትሄድበትም።

አንድ ጠዋት የተቋራጩን ጢም ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ሲቀረው ምላጩ ከእጁ ወደቀ፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ ወደቀ። ተቋራጩ በግማሽ አረፋው ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰው።

ሲነቃ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፤ ምላሱም ተሳስሯል። ጆሮው ግን ደህና ነበር፤ እሱም ባይሰማ ይሻለው ነበር። ሐኪሟ ልጁን አልጋው አጠገብ «ሕመማቸው ቢብስ መተንፈሻ ማሽን ላይ እናድርጋቸው ወይስ ቤታቸው ይሁኑ? የሳቸው ፍላጎት ምን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ልጂቱ መልስ አልነበራትም። መልስ የነበራቸው ሊጠይቁት የመጡት ደንበኞቹ ናቸው።

«ቤቱ ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ መምህሩ።

«እኔስ በምኔ ሰማሁ? ከማሽኑ እንዳይነቅሉኝ ብሎኛል። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ ተቋራጩ። ግማሽ ጢሙ እስካሁን እንዳለ ነው፤ ሌላ ፀጉር ቤት መሄድ ክህደት መስሎታል።

ልብስ ሰፊው ጥጉን ይዞ እየተንሰቀሰቀ፣ «ማንም እንዳያለቅስ ብሏል» አለ።

ልጂቱ ወደ አባቷ ዞረች። «ለነዚህ ሁሉ ነግረህ፣ ለኔ?» አለችው። ሰውየው በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ውሸታሞች ናቸው እንዳይላቸው፣ ውሸታሙ እሱ ነው፤ ደግሞስ በየትኛው ምላሱ።

ምላሱ ቀስ በቀስ ተፈታ። ሐኪሟ ግን ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችልና ከወዲሁ መነጋገር እንደሚበጅ ነገረቻቸው። ወደ ቤት በሚመለስበት ዕለት ልጂቱ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አሁን ንገረኝ። ማሽን ነው ወይስ ቤት?»

«አንቺስ የትኛው ይሻላል ትያለሽ?»

«ቤት።»

«ልክ ነሽ» አለ በተጣመመ አፉ።

«አባዬ፣ እኔ ደንበኛህ አይደለሁም።»

ዓይኑ ግድግዳው ላይ መስታወት ፈለገ። ለካ ሰውን በመስታወት እንጂ ፊት ለፊት እያየ ማውራት አልለመደም።

«እኔ እንጃ» አለ በመጨረሻ። «እፈራለሁ፣ ልጄ። ብቻዬን መሆን ነው የምፈራው። አንቺ እጄን ከያዝሽኝ ቤትም ይሁን ሆስፒታልም ይሁን ግድ የለኝም።»

እጁን ያዘችው። «ለቅሶውስ? ክልክል ነው ብለሃል አሉ።»

«ኧረ አልቅሱልኝ» አለ። «ዝም ብላችሁማ እንዳትቀብሩኝ።»