ሰማያዊው ስክሪን ጽፎ ያስቀመጠው

መካኒሳ ካለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ግርማ የሰጡኝ ብሎን መፍቻ ሳይሆን የቀለም ብሩሽ ነበር። «መጀመሪያ አቧራ ጥረግ» አሉኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስለሄድኩ ከፋኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አቧራ ስጠርግ ከረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ተደወለ። አቶ ግርማ ሌላ ሥራ ይዘው ነበርና «ሂድና እይ፤ የማታውቀውን ግን እንዳትነካ!» ብለው ላኩኝ።

ዳይሬክተሩ በር ላይ ጠበቁኝ። የተማሪዎች ውጤት የተሞላበት ሮስተር አልከፈት ብሏል፤ ካርድ የሚሰጠው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። «ጸሐፊዋ ናት ያበላሸችው። ዛሬውኑ የስንብት ደብዳቤዋን እጽፋለሁ» አሉ። ጸሐፊዋ ወይዘሪት ጽጌ እዚያው ቆማ ትሰማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ወንድሜ፣ ትናንት ጠዋት ሞልቼ ሴቭ አደረግኩት። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም» አለችኝ።

ኮምፒውተሩ ደህና ተነሣ። ሲ ድራይቭ ውስጥ ገብቼ ፋይሎቹን በቀን ደረደርኳቸው። «ስካንዲስክ ሎግ» የሚባል የማላውቀው ፋይል አየሁና ከፈትኩት። ልዘል ምንም አልቀረኝም! ኮምፒውተር በወጉ ካልተዘጋ፣ ሲነሣ በሰማያዊ ስክሪን ዲስኩን እንደሚፈትሽ አውቃለሁ። ያገኘውን ጽፎ እንደሚያስቀምጥ ግን ማንም አልነገረኝም። የፈተሸበት ቀንና ሰዓት፣ የተቆራረጠውን ፋይል በምን ስም እንዳስቀመጠው ሁሉ ሰፍሯል።

ዳይሬክተሩ ከኋላዬ አጎንብሰው አነበቡ። «ይኸው! ትናንት ሁለት ሰዓት ከሃያ! እኔ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ ቢሮ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጎኑ ላይ ፒ ኤም ይላል። በኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው» አልኩ።

«ስምንት ሰዓት ላይማ ወረዳ ልከውኝ ነበር!» ብላ ጮኸች ጽጌ።

ዳይሬክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሮስተሩን ሳይ ቆይቼ ልዘጋው ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩ» አሉ። «የረሳሁት ነገር ነበርና መልሼ ስሰካው ሰማያዊ ሆነ። ዝም ብዬ ኢንተር ኢንተር አልኩት።» ሶኬት ነቅሎ መዝጋት ያኔ የብዙ አለቃ አመል ነበር።

እኔ ግን ወደ ፋይሉ ቸኩያለሁ። ሎጉ በጻፈው ስም ፈልጌ አገኘሁትና ከፈትኩት። ገጹ በሙሉ የማይነበብ ምልክት ነው። ፎንቱን ወደ አማርኛ ለወጥኩት። ስም! ከስሙ ጎን ውጤት! ጽጌ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ «እሱ ነው! በእናትህ ወደ ታች ውረድ!» ወረድኩ። ከጥቂት መስመር በቀር ሁሉም አለ። እንደዚያ ቀን ሥራዬን የወደድኩበት ቀን የለም።

ዳይሬክተሩ እኔ ፊት «ጽጌ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሲበላሽ መጀመሪያ «ማን ነካው?» ብዬ አልጠይቅም። ሎጉን አነባለሁ፤ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነም አያለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።