ገመዱን የተዋስኩበት ቅዳሜ

ሽንኩርት በኩንታል እንጂ በችግኝ አላውቀውም ነበር። ከመቂና ከዝዋይ ተጭኖ ናዝሬት ሲገባ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ እርጥብ ይሁን ደረቅ በጠረኑ እለየዋለሁ፤ ጆንያውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ከሥሩ የበሰበሰ ተደብቆ እንደሆነ እናገራለሁ። መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ግን ጠይቄ አላውቅም። ነጋዴን የሚመለከተው ሽንኩርቱ ከተነቀለ በኋላ ያለው ታሪኩ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቀበሌያችን እያንዳንዱ ቤት በጓሮው አትክልት እንዲተክል መመሪያ አውርዶ ነበር። እኔ መመሪያን እንደ ዝናብ ነው የማየው፤ ጥግ ይዘህ ከቆምክ ያልፋል። ሁለት ዓመት በዚህ ዘዴ አለፈኝ። በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ዶማ ይዤ ጓሮዬ ውስጥ ተገኘሁ። ዶማውን ያስያዘኝ ቀበሌው አይደለም፤ ውሾቼ ናቸው።

ሁለት ነበሩን። አንዷን አሮጊቷ፣ አንዱን ጎረምሳው እንላቸዋለን። አሮጊቷ ሱቅ ከከፈትኩ ጊዜ ጀምሮ ያለች፣ ግራጫ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ከሰው ጋር አላስፈላጊ ወሬ የማታበዛ ውሻ ናት። ጎረምሳው የመጨረሻ ልጇ ነው፤ ቡኒ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት። እሱን ስትወልድ ወተቷ ነጥፎ ስለነበር ባለቤቴ ጨርቅ ወተት ውስጥ እየነከረች አጥብታ ነው ያሳደገችው። ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ ውሻዬ ነው እላለሁ እንጂ የእሷ ነበር። እኔ ስጠራው ያስብበታል፤ እሷ ስትጠራው ይሮጣል።

እናትና ልጅ አንድ አመል አላቸው፤ ባቡር። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ከሩቅ ጩኸቱን ሲያሰማ ሁለቱም በቅንጭቡ አጥር ሥር ሾልከው ጣቢያ ይወርዳሉ። መንገደኛው በመስኮት አጥንት ይወረውራል፣ የዳቦ ቅሪት ይወረውራል፤ እነሱም የድርሻቸውን በልተው እንደ መንግሥት ሠራተኛ በሰዓታቸው ይመለሳሉ። ቀዳዳውን ብትደፍነው በሌላ በኩል ያበጃሉ። የናዝሬት አፈር እንደ አመድ የላላ ነው፤ ውሻ አይደለም ዶሮ ዋሻ ያወጣበታል።

ሐሙስ ዕለት የማዘጋጃ ቤት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ በሰፈራችን አለፈ። ቅዳሜ ያልታሰሩ ውሾች በሙሉ ይወገዳሉ አለ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ለሌላም ጉዳይ ያገለግል ስለነበር ማብራሪያ የጠየቀ አልነበረም። አሠራራቸው ይታወቃል፤ መርዝ የገባበት ሥጋ ነው የሚጥሉት። ያልታሰረ ውሻ ሁሉ ባቡር ሲገባ ጣቢያ ስለሚሰበሰብ የሚጀምሩትም ከዚያ ነው።

ጎረምሳውን ማሰር ቀላል ነው። አሮጊቷን ግን አንድ ጊዜ ብናስራት ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ውላ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በዚህ ቤት ምን እየተደረገ ነው ብለው መጥተውብናል። ከዚያ ወዲህ አንገቷን ገመድ አልነካውም። ስለዚህ ቅዳሜ አንዳችን ቤት መዋል ነበረብን። ባለቤቴ ሱቁን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ጠብቅ አለች። ነጋዴ በገበያ ቀን ቤቱ ቢቀመጥ ግን ዕቃ እየደበቀ ነው ይባላል። እኔም ለሚጠይቅ ሁሉ የቀበሌያችንን መመሪያ ተግባራዊ እያደረግሁ ነው ማለትን መረጥኩ። አንድ የማውቀው ሾፌር ከዝዋይ የሽንኩርት ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሌላም ብልሃት ጨመርኩ። በዋዜማው ከሉካንዳ አንድ ሙሉ ጨጓራና አንድ ዘንቢል አጥንት ገዛሁ። የጠገበ ገበያ አይወጣም፤ ይህን ከሃያ ዓመት ንግድ የተማርኩት ነው። ውሻም ከዚህ ሕግ አይወጣም ብዬ ደመደምኩ።

ባለቤቴ ጽጌን ትጾማለች። ዘንቢሉን ስታይ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። "በጾሜ ለውሻ ድግስ ደገስክ?" አለች። ከዚያ ጎረምሳውን ከዘይቱኑ ዛፍ ጋር ራሷ አሰረችው፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ ሞከረች። በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። "ስመለስ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። አንዱን አምጥተህ ስለ ሌላው ታሪክ እንዳትነግረኝ።"

ጠዋቱ መልካም ነበር። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ነፋሱ ገና አቧራውን አላነሳም። ውሾቹ ጨጓራውን ከበሉ በኋላ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተዘረሩ። ጎረምሳው ከእናቱም ድርሻ ቀምቶ ስለበላ መተንፈስ እንኳ ሥራ ሆኖበታል። እኔ እቆፍራለሁ፣ ፍግ በአካፋ እበትናለሁ፣ በየደቂቃው ቀና ብዬ ሁለት ውሻ አያለሁ። እጄ ውሃ ቋጠረ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውለህ ማታ የሚታይ ነገር የለም። እዚህ ግን በዶማ የነካኸው ሁሉ ተነክቶ ይጠብቅሃል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሦስት መደብ ነበረኝ፤ የዳርና የዳሩን ተክዬ መካከለኛው ብቻ ቀርቶኛል። በአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤቴ በቅንጭቡ መካከል ብቅ አሉ። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ አርሲ ተወልደው ዕድሜያቸውን ሐዲድ ላይ የጨረሱ ሰው።

"አካም ኦልቴ፣ ነጋዴው" አሉኝ፤ እንዴት ዋልክ ማለታቸው ነው።

"ደህና ዋሉ አባባ።"

መደቦቹን ከዳር እስከ ዳር አዩአቸው። "ይህ የሽንኩርት መደብ ነው፣ ወይስ ሰካራም ከጠጅ ቤት የተመለሰበት መንገድ ነው?"

ማንም ሌላ ሰው ቢለኝ እስቅ ነበር። እሳቸው ግን ሐዲድ ሲዘረጉ የኖሩ ናቸው፤ ቀጥ ያለ ነገር ያውቃሉ። ሁለት ችካል ተክለህ ገመድ ወጥር፣ በገመዱ ሥር ትከል፣ ሕፃን ያውቀዋል አሉ። ገመድ እንደሆነ ሱቄ ውስጥ በጥቅል ነው ያለው። ቤት ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጎረምሳው አንገት ላይ ነው።

ጎረምሳውን አየሁት። ምላሱ ከአፉ ወጥቶ አንኮራፍቷል።

"ባቡሩ ስንት ሰዓት ይገባል አባባ?" አልኳቸው።

"ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚባለው። ዛሬ ግን ከአሥራ አንድ በፊት አይገባም። ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ቅዳሜ ሁልጊዜ አዋሽ ላይ ይተኛል።"

የሚያውቅ ሰው ተናግሯል። ሆዱ የሞላ ውሻ ተኝቷል። ለአንድ ሰዓት ያህል ገመዱን ብዋሰው ማን ይጎዳል? ባለቤቴ ሁለቴ የሞከረችውን ቋጠሮ ፈታሁት። ፈትቼም መካከለኛው መደብ ላይ ወጠርኩት፤ የመደቡንም ጠርዝ በገመዱ ልክ አቀናሁ። እውነቴን ነው፣ ችግኝ በቀጥታ መስመር ሲቆም ማየት ልብ ያሞቃል። በቀበሌው ፊት የሚያሳፍረኝ ነገር እንደሌለ እያሰብኩ፣ በእጅ ጣት እየለካሁ፣ አንዱን ጨርሼ ወደ ቀጣዩ መስመር ልሸጋገር ስል ባቡሩ ጮኸ።

ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በዚያ ዓመት በሰዓቱ የገባው ያ ባቡር ብቻ ይመስለኛል።

ዓይኔን አሮጊቷ ላይ ጣልኩ። ደህናውን ጆሮዋን አነሳች። ወደ አጥሩ አየች፣ ሆዷን አየች፣ ከዚያ እንደ ባለጸጋ ተነፈሰችና አገጯን መሬት ላይ መለሰች። በሕይወቴ ብዙ ነገር ገምቼ ልክ ሆኛለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ኮርቼ አላውቅም።

"አዩልኝ አባባ? የጠገበ ገበያ አይወጣም ማለት ይኼ ነው።"

ሽማግሌው አሮጊቷን ሳይሆን ዘይቱኑን ነበር የሚያዩት። "ሌላውስ?" አሉ።

ከዘይቱኑ ሥር የተኛበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

አካፋውን እንደያዝኩ፣ በላስቲክ ቦት ጫማዬ፣ እስከ ጉልበቴ ፍግ እንደሆንኩ በዋናው መንገድ ሮጥኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከተማው ጉድ ይል ነበር። በዚያ ዘመን አካፋ ይዞ የሚሮጥ ሰው ግን ማንንም አያስገርምም። አንድ ደንበኛዬ ከበረንዳው ላይ ሆኖ የየትኛው ዘመቻ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የውሻ ብዬ አለፍኩ። እሱም ያልሰማው አዲስ መመሪያ ወጥቶ እንደሆነ ደንግጦ ወደ ውስጥ ገባ።

የምሮጠው ለውሻው ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ሱቅ ውስጥ ቆማ በእኔ ቦታ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ እየሸጠች ነው፤ አደራ የሰጠችኝ አንድ ነገር ነው። ያንን አንድ ነገር ለአንድ መስመር ሽንኩርት ለወጥኩት። እንዲህ ያለ ንግድ ሌላ ሰው ቢሠራ አንድ ወር እስቅበት ነበር።

ጣቢያው ስደርስ ባቡሩ ቆሟል፤ ሰው ይወርዳል፣ ይወጣል። ከመጋዘኑ ጥግ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ባልዲና መቆንጠጫ ይዞ ቆሟል። የሱቄ ደንበኛ ነው። ከኋላው የተኙትን ውሾች ላለማየት ፊቴን ወደ እሱ ብቻ አደረግሁ።

"ቡኒ ውሻ፣ ጎረምሳ ነገር..."

"ደረቱ ነጭ?"

"አዎ።"

"ወስዷል ጋሼ።"

አካፋው ከበደኝ። "በላ?"

"አልበላም። እኔም ገርሞኛል። አሸተተ፣ አነሳ፣ እንደ ዕቃ ነክሶ ወደ እናንተ ሰፈር ይዞት ሄደ። ውሻ ሥጋ አግኝቶ ሳይበላ ሲሄድ በዚህ ሥራ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከመራቡ በፊት ይድረሱበት። ሥራ ነው ጋሼ፤ አይቀየሙኝ።"

ስሄድ ያልደከመኝ መንገድ ስመለስ ዳገት ሆነ። ጥጋቡ አድኖታል፤ ጥጋብ ግን ያልፋል። የጠገበ ውሻ ትርፉን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አውቃለሁ፤ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ለክፉ ቀን ይቀብራል። የት? አፈሩ የላላበት ቦታ። የናዝሬትን አፈር ሁሉ ትተህ፣ በዚያ ቀን ከሁሉ የላላው አፈር የእኔ ነበር።

ደርሼ በሩን ስከፍት ጎረምሳው መካከለኛው መደብ ላይ ነው። ቀጥ ያለው መስመሬ ግማሹ ተነቅሎ አየር ላይ ነው፤ ሥጋው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው፤ እሱ በአፍንጫው አፈር ይመልሳል። ሽማግሌው በአጥሩ ወዲያ ሆነው በኦሮምኛም በአማርኛም ይገስጹታል፤ የሰማቸው የለም። ቀስ ብዬ ቀረብኩ። ጨዋታ መሰለው፤ ሥጋውን ነጠቀና በሦስቱም መደቦች ዙሪያ ይሮጥ ጀመር። ሮጦ መያዝ እንደማልችል ሳውቅ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። ከጨጓራው የተረፈውን አምጥቼ ዘረጋሁለት፤ ይህን ውሰድ፣ ያንን ስጠኝ። አየው፤ አልፈለገውም። አጥግቤው ስለነበር የምለውጥበት ምንም ነገር አልነበረኝም።

ያኔ አሮጊቷ ተነሳች። አልሮጠችም። መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ሲያልፍ ማጅራቱን ያዘችና መሬት ላይ አስተኛችው። ጮኸ፤ ሥጋው ወደቀ። እሷም እንደ እናት ተቆጥታ ስታበቃ እንደ ውሻ ሥጋውን ልታሸት ዝቅ አለች። አፍንጫዋ ሳይደርስ በቦት ጫማዬ ረገጥኩት።

ሥጋውን በአካፋ ከነአፈሩ አንስቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመርኩት። ሽማግሌው ምናልባት ነክሶት እንደሆነ ብለው ከቤታቸው ወተት ይዘው መጡ። አፉን በእጄ ይዤ፣ እሳቸው እያፈሰሱ አጠጣነው። ከዚያ ሁለታችንም ከዘይቱኑ ሥር ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን። ተኛ። በእንቅልፉ እግሩ ባንቀጠቀጠ ቁጥር እጄን ደረቱ ላይ አሳርፌ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ሽማግሌው ስለ ባቡሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ሰው ሠላሳ ዓመት በሠራበት ነገር ሲሳሳት መታዘብ ደግ አይደለም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጎረምሳው ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ ወደ አንደኛው መደብ ሄደና እግሩን አንስቶ ችግኞቹ ላይ ሸና። ሽማግሌው ፈጣሪን አመሰገኑ። ሽንኩርት ላይ ሽንት ሲወርድ አይቼ ደስ ያለኝ ከዚያን ቀን በፊትም በኋላም የለም።

ባለቤቴ ስትመጣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቦት ጫማዬን አጥቤ፣ እንደ ሰላማዊ ገበሬ ቆሜ ጠበቅኋት። ሁለቱ ውሾች ጅራታቸውን እየቆሉ ተቀበሏት። አንድ፣ ሁለት ብላ በዓይኗ ቆጠረች። ተረጋጋሁ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጓሮው ተሻገረ።

"ገመዱ እዚያ ምን ይሠራል?"

በሁለቱ ችካሎች መካከል ተወጥሮ ነበር። ሁሉንም ደብቄ እሱን ረስቼዋለሁ። ከባቡሩ ጩኸት እስከ ወተቱ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ሄዳ ችካሎቹን ነቀለች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ ጎረምሳውን ከዘይቱኑ ጋር አሰረችው። ቋጠሮውን በዚህ ጊዜ ሦስቴ ሳበችው። እራት ላይ ስለ ገበያው ብቻ ነገረችኝ። መርዝ ከነካው ከዚያ መደብ የሚበቅል ነገር ግን ቤቷ እንደማይገባ በማግስቱ አስታወቀች። እኔም የቀረውን ችግኝ ነቅዬ፣ አፈሩን ደልድዬ ባዶውን ተውኩት።

ከሳምንታት በኋላ የቀበሌው ጓድ ደብተር ይዞ ጓሮ ሊቆጣጠር መጣ። ሽንኩርቱ ደህና ይዟል። ጓዱ ሁለቱን የተተከሉ መደቦች በግርምት አያቸው፤ ጠማማ ናቸው። መካከለኛውን አየው፤ እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ ነው፤ ባዶ ነው።

"ጓድ፣ ይህን ያህል ከደከማችሁ ገመድ ወጥራችሁ ብትተክሉ ምን ነበረበት?" አለኝ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ባለቤቴ ከኩሽናው በር መለሰችለት።

"ገመዱ ሥራ ላይ ነው" አለች።