«ለማንም አትንገሪ» ያለው ደብዳቤ

ይህ የሆነው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ቦንጋ ውስጥ በምሠራበት የመንግሥት ቢሮ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ራሴን ያስጠላኛል።

ያኔ ግንባር ላይ ስልክ አይሠራም ነበር። ለፈቃድ የሚመጡ ወታደሮች የጓደኞቻቸውን ደብዳቤ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። የገጠሩን እኛ ቢሮ ይተዉታል፤ ቤተሰብ ለገበያ ሲወጣ ይወስዳል።

አንድ ጠዋት ማንኪራ ለምትኖር ሴት ባሏ የጻፈው መጣ። በቁስል ፕላስተር ታሽጓል። ቀልደኛ ነኝ ባዩ ባልደረባዬ ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ላጠውና ሻይ እየጠጣን ጮክ ብሎ አነበበልን።

ሰውየው የሚስቱን የነጠላ ቁራጭ አቅፎ እንደሚተኛ ጽፏል። «ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ። ይሄን ለማንም አትንገሪ» ይላል።

«እንግዲህ አገር የሚጠብቅልን ይሄ ነው» አለ ባልደረባዬ። እኔም ሻዩ ትን እስኪለኝ ሳቅሁ። ከዚያ ፕላስተሩን መልሶ ለጠፈው።

ቅዳሜ ሴትዮዋ መጣች። ማንበብ አትችልም፤ አማርኛም ብዙ አትሰማም። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ስላደግሁ በካፊኖኖ ሰላም አልኳት። ይሄኔ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ሰው ሳይሰማ ያንብቡልኝ። የባልና ሚስት ነገር ነው» አለችኝ።

ከቢሮው ጀርባ ቆመን፣ ወደ ቋንቋዋ እየመለስኩ አነበብኩላት። ለቅሶው ጋ ስደርስ እንባዋ ድምፅ ሳይኖረው ወረደ። እኔ ደግሞ ልክ እንደ አዲስ ነገር ከንፈሬን መጠጥኩ። ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

«ለማንም አትንገሪ ብሎኛል። እርስዎም አይንገሩብን፣ ጋሼ።»

«አልናገርም» አልኳት። ባልደረባዬ በመስኮት እያየን አፉን ይዞ ይስቃል።

ባሏ በሕይወት ተመለሰ። ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ አግኝቶኝ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ገመናችንን የሸፈኑልን እርስዎ ነዎት፤ ሚስቴ ነግራኛለች» ብሎ ከራሱ ቀፎ የቆረጠውን ማር ሰጠኝ። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ነው።

ባልደረባዬን እስከ ዛሬ እጸየፈዋለሁ። እሱ ግን ማሩን አልበላም፤ የበላሁት እኔ ነኝ።