ሁለተኛው ጉርሻ

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ፍልጥ እፈልጣለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ቅዳሴ ሳልቀመጥ አስቀድሳለሁ። ይኼንንም በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ የምጽፈው ራሴ ነኝ። አንድ እንጀራ መጨረስ ግን አቅቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነቴ ከበደ፣ ስኳርም ገባብኝ፣ ጉልበቴ አልሸከምህም አለኝ። ልጄ የሺ ዐረብ አገር ሠርታ የመጣች ናት፣ አሁን ደብረ ታቦር ሱቅ አላት። «አባየ፣ ይኼን ሁሉ ሥጋ ተሸክመው ሊሞቱብኝ ነው» ብላ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ሐኪሞቹ ጨጓራዬን ከላይ በኩል በቀለበት አሰሩት። ትንሽ ስበላ ይሞላል።

ሐኪሙ «ከአውራ ጣትዎ ጥፍር የበለጠ አይጉረሱ፤ እንደ አጥሚት እስኪቀጥን ያኝኩ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሥጋው ወረደ፣ ጉልበቴም ተመለሰ። ግን ማኘክ ደከመኝ... ጠዋት ማኘክ፣ ማታ ማኘክ። በሬ እንኳ የሚያመሰኳው ተኝቶ ነው።

ለሰው አልተናገርኩም። ካሴ ሆዱን መግዛት ቢያቅተው በሐኪም አሳሰረው እንዲባል አልፈልግም። «ምነው ከሳህ?» ሲሉኝ «ጾም ነው» እላለሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላም «ጾም ነው» እላለሁ።

ባለፈው እሁድ ከፈንታ ጋር ልንታረቅ ቤቱ ሄድኩ። ፈንታ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። የድንበር ባህር ዛፍ ቆረጥህ፣ አልቆረጥሁም ተባብለን እሷ ከሞተች ወዲህ ተኮራርፈናል። ባህር ዛፉንስ ረስቼዋለሁ። ግን ባለቤቴን በልጅነት ስሟ «እንኮይ» ብሎ የሚጠራት ሰው ከእሱ ሌላ አልቀረም። እሱ ካኮረፈኝ ጀምሮ ያን ስም ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ለእርቁ እሺ ያልኩት ለዚያ ነው።

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው መሐላችን ቆሙ፣ ተሳሳምን። በግ ታርዶ ነበር። እኔንና ፈንታን አንድ መሶብ ላይ አስቀመጡን። ፈንታ እጁን ታጥቦ ጠቀለለ። መዳፉ ሞፈር የለመደ መዳፍ ነው፣ ጉርሻውም እንደ መዳፉ ነው።

ተቀበልኩ። ጉንጬ ውስጥ ሸሽጌ ቀስ እያልኩ ማኘክ ጀመርኩ። ግማሹን ሳልውጥ ሁለተኛው መጣ።

«በቃኝ ፈንታ፣ ጠገብኩ።»

«በአንዲት ጉርሻ?»

ቄሱ ሳቅ አሉና «አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል። መጣላቱንማ ጨረሳችሁት፤ ይቀበሉት እንጂ አያ ካሴ» አሉ።

የፈንታ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ወጡ በእጅ አንጓው ይወርዳል። ጥግ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት «ከልቡ አልታረቀም እኮ» ስትል ሰማኋት። ፈንታም ሰማት። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት...

አፌን ከፈትኩ።

ወርዶ ቀለበቱ ላይ ቆመ። ደረቴን በመጥረቢያ የሰነጠቁት መሰለኝ። ምራቄ እንደ ሳሙና አረፋ ይሞላል፣ መዋጥ የለም፣ መናገር የለም። ጋቢዬን አፌ ላይ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ጌሾው ሥር ተደፍቼ ሁለቱንም ጉርሻ መለስኩት።

ቀና ስል ፈንታ ቆሟል።

«እንጀራየን ጌሾየ ሥር ተፋኸው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «መርዝ ያበላሁህ መስሎህ ነው? ንገረኝና ገብቼ እርቁ ቀርቷል ልበላቸው።»

አረፋው አላናገረኝም። ፊቱን አዙሮ ወደ በሩ ሄደ። በዚያ በር ከገባ እንኮይ የሚላት ሰው አበቃ...

«ፈንታ... አሳስሬው ነው።»

«ምኑን?»

«ጨጓራዬን።»

ሸሚዜን ገለጥኩለት። ከቆዳዬ ሥር ሐኪሞቹ መርፌ የሚወጉባት የሸሚዝ ቁልፍ ዓይነት ጠጣር ነገር አለች። ፈንታ ገበያ ላይ በግ እንደሚዳብስ ሰው በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋት።

«ቀለበቱ ይኼ ነው?»

«ቀለበቱ ውስጥ ነው። ይቺ ማጥበቂያው ናት።»

የወፍጮው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

«እንኮይን ስታገባ ቀለበት የሚባል አላየንም» አለ፣ ሳቁን መዋጥ አቅቶት። «ለእህቴ ያላሰርከውን ቀለበት በስተርጅና ለሆድህ አሰርክለት?»

ልቆጣ ነበር። ግን ስሟን ጠራው። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እሷ ብትኖር ዓመት ትስቅብህ ነበር» አለኝ።

«ትስቅ ነበር» አልኩት።

ስንገባ ፈንታ ነው የተናገረልኝ። «የቆየ ጨጓራ ተነሥቶበት ነው፣ ደኅና ነው» አላቸው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ መሶቡ ላይ ተቀምጦ በጥፍር ልክ እንጀራ ቆረሰና አጎረሰኝ። ጠበቀኝ። አኘክሁ፣ አኘክሁ... ሁለተኛዋንም በጥፍር ልክ አጎረሰኝ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ ለጫጩት ነው?» አለች አሮጊቷ።

«ሁለት ናት አይደል? ቁጠሪያት» አላት ፈንታ።

የፊታችን እሁድ እኔ ቤት ይመጣል። የሺ «እኔ ላብስል» ብትለኝ እምቢ ብያታለሁ፤ ያለብኝን ራሴ ነው የምከፍለው። ሁለት ጉርሻ አለብኝ... እመልስለታለሁ፣ እንደ መዳፌ። የእሱ ጨጓራ ቀለበት የለውም።